አማላጅ ፍለጋ ያመለጠ ቀን

«ሰው ታውቃለህ?» አለኝ ጎረቤቴ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምናዘወትራት ቡና ቤት መስኮቱ ጥግ ተቀምጠናል። ጎረቤቴ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ካፒቶል ሂል ደጃፍ ስንት ጊዜ ተሳፋሪ አውርዶ እንደተመለሰ ቁጥሩን አያውቀውም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጁ አናፖሊስ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚ መግባት እፈልጋለሁ ብላዋለች። ለመግባት ደግሞ «ኖሚኔሽን» የሚባል ነገር ያስፈልጋል፤ ሰጪው በአብዛኛው የኮንግረስ አባል ነው። ቃሉን ከልጁ አፍ እንደሰማ ያሳሰበው የሒሳብ ውጤቷ፣ ሩጫዋ ወይም የማመልከቻው ቀን አልነበረም። «ዋናው ሰው ነው» አለ ማኪያቶውን እያማሰለ። «እዚያ ቤት ገባ ወጣ የሚል ሰው ካላገኘን ልጅቷ በከንቱ ነው የምትለፋው።»

ይህ የእሱ ብቻ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ቡናዬን ጠጥቼ ዝም እል ነበር። ግን የብዙዎቻችን ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ በመኪና ማቆሚያው የቲኬት ክፍል ውስጥ ሳይቀር ሲነገር ሰምቼዋለሁ። «ዌስት ፖይንት? እሱ የጄኔራሎች ልጆች ነው።» «የሴናተር ፊርማ ለእኛ ልጅ? በየት በኩል!» ተናጋሪው ነገሩን መርምሮ አይደለም፤ ግን በሙሉ ልብ ነው የሚናገረው። አድማጩም ራሱን ይነቀንቃል፤ ልጅየውም እዚያው አጠገብ ቆሞ ይሰማል።

እኔ ይህ አመለካከት ስሕተት ነው እላለሁ። ስሕተት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን «ዘመድ የሌለው አይገባም» የሚለው እምነት ከማንም በላይ የሚጎዳው ዘመድ የሌለውን ነው። ዘመድ ያለው ይህን ወሬ ሰምቶ ማመልከቻውን አያቆምም። የሚያቆመው የእኛ ልጅ ነው።

በቅድሚያ ለጥርጣሬው ፍርድ ልስጠው፤ ከባዶ ሜዳ አልበቀለም። እኛ «ደጅ ጥናት» የሚል ቃል ያለን ሕዝብ ነን። ባለጉዳይ በባለሥልጣን ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚጠብቅበት፣ እጅ መንሻ ይዞ የሚሰለፍበት፣ በአማላጅ በኩል ስሙ የሚነሳለት ሥርዓት ነበረን። እዚያ ደጅ የሚቀድመው ጥያቄ «ምን ታውቃለህ?» አልነበረም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ነበር። ዘመን ሲለወጥ ደጁ ቢሮ ሆነ፣ እጅ መንሻው ስም ቀየረ፤ ለሥራውም ለትምህርት ዕድሉም የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ መጣ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት በልጅነቱ ሰምቶ ያደገ ሰው የሴናተር ፊርማ በነፃ ይገኛል ቢሉት ቢስቅ አይፈረድበትም። ያንን ትምህርት የከፈልነው በዕድሜያችን ነው። ጥፋቱ አገር ለቅቀን ስንወጣ ትምህርቱን በሻንጣ ይዘን መጥተን፣ ያላየነውን ደጅ ሁሉ በእሱ መለካታችን ነው።

እስቲ ደጁን እንየው። በአሜሪካ አምስት የፌዴራል የጦር አካዳሚዎች አሉ፦ በ1802 የተመሠረተው የምድር ጦሩ ዌስት ፖይንት፣ በ1845 የተከፈተው የባሕር ኃይሉ አናፖሊስ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአየር ኃይሉ አካዳሚ፣ ኪንግስ ፖይንት ያለው የንግድ መርከበኞች አካዳሚና ኒው ለንደን፣ ኮነቲከት ያለው የኮስት ጋርድ አካዳሚ። የመጨረሻው ኖሚኔሽን የሚባል ነገር ጭራሽ አይጠይቅም፤ ተማሪው እንደማንኛውም ኮሌጅ በቀጥታ ያመለክታል። «ያለ ሰው አይሆንም» ከሚሉት ስንቶቹ ይህን ያውቃሉ?

በምድር ጦር፣ በባሕር ኃይልና በአየር ኃይል አካዳሚዎች ሕጉ እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዱ ሴናተርና እያንዳንዱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በየአካዳሚው በአንድ ጊዜ አምስት ዕጩ መኮንኖች በስሙ ሊኖሩት ይችላሉ። ከአምስቱ አንዱ ሲመረቅ ወይም ሲወጣ ወንበሩ ይለቀቃል፤ ለተለቀቀው ወንበር አባሉ የሚጠቁመው ግን አንድ ሰው አይደለም። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ 10 ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 15 ከፍ ብሏል። ስለዚህ የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ልጅ በአንድ ጊዜ ሦስት በር ያንኳኳል፦ ሁለቱን ሴናተሮችና የምርጫ ወረዳውን ተወካይ። በምክትል ፕሬዚዳንቱ በኩል ያለው አራተኛ በር እጅግ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ማመልከት ይቻላል። የዋሽንግተን ዲሲ ልጅ ሴናተር የለውም፤ የዲሲዋ ተወካይ ግን በምክር ቤቱ ሙሉ ድምፅ ባይኖራትም እንደሌሎቹ አምስት አምስት ወንበር አላት።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ኖሚኔሽን መግቢያ አይደለም፤ ወደ ውድድሩ መግቢያ ነው። የኮንግረስ አባሉ ስም ይልካል፤ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው አካዳሚው ነው። አካዳሚው የትምህርት ውጤት ያያል፣ የሕክምና ምርመራ ያዛል፣ ፑሽ አፕና የአንድ ማይል ሩጫ ያለበት የአካል ብቃት ፈተና ያስፈትናል። ከእነዚህ በአንዱ የወደቀን ልጅ የትኛውም ሴናተር በፊርማው አያስገባውም። አባሉ ከፈለገ ከዝርዝሩ አንዱን «ቀዳሚ» ብሎ መሰየም ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ስሞቹን ያለ ቅደም ተከተል ልከው ምርጫውን ለአካዳሚው የውጤት ሚዛን ይተዋሉ። በዝርዝሩ ገብተው ወንበሩን ካላገኙት መካከል ብቁ የሆኑትን ደግሞ አካዳሚው በውጤታቸው ቅደም ተከተል ሊጠራቸው ይችላል። እንግዲህ አማላጁ ተገኘ እንበል፤ ያ ሁሉ ደጅ ጥናት የሚያስገኘው በአብዛኛው ከአስራ አምስቱ ስሞች አንዱ መሆንን ነው። ከዚያ ወዲያ አማላጁ የሚያውቀው ሰው የለም።

«ታዲያ ከአስራ አምስቱ ለመግባትስ ሰው አያስፈልግም?» ይሉኛል። ያስፈልጋል! ግን የትኛው ሰው? ክርክሬ ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። እኛ «ሰው» ስንል አማላጅ ማለታችን ነው፤ ቢሮው የሚጠይቀው ምስክር ነው። በአማርኛችን ሁለቱ ቃላት እጅግ የተራራቁ ናቸው። አማላጅ ባለሥልጣኑን ያውቃል፤ ምስክር ልጁን ያውቃል። አማላጅ «ስለ እኔ ብለህ» ይላል፤ ምስክር «ያየሁትን ልናገር» ይላል። ማመልከቻው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ የሒሳብ መምህሯን፣ አሠልጣኟን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሠራበትን ሱቅ ኃላፊ ማለቱ ነው። «ይህች ልጅ ፈተና ወድቃ በሳምንቱ ከትምህርት በኋላ ቆይታ ስሕተቷን አንድ በአንድ ስታርም አይቻለሁ» የሚል መምህር ባለማዕረግ ላይሆን ይችላል፤ ማመልከቻው በሚነበብበት ክፍል ውስጥ ግን ቃሉ ከአምባሳደር ደብዳቤ ይበልጣል። በብዙ ቢሮዎች ማመልከቻውን አንብቦ ተማሪውን የሚጠይቀው ኮሚቴ ነው፤ ጡረታ የወጡ መኮንኖች፣ መምህራንና የአካባቢው ነዋሪዎች የተቀመጡበት የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ። ጡረተኛ ኮሎኔል ፊት የአንድ ነጋዴ የትውውቅ ደብዳቤ ምን ይሠራል?

ታሪኩም ለእኔ ይመሰክራል። በ1843 የወጣው ሕግ የዌስት ፖይንትን ወንበሮች በምርጫ ወረዳ ሲያከፋፍል፣ ዕጩ መኮንን ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ እንዲመጣ አደረገ። እርግጥ በዚያ ዘመን ነገሩ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚያልቅ ነበር። በ1839 አንድ የኦሃዮ የኮንግረስ አባል፣ ከአንድ ልጅ አባት ጋር በፖለቲካ ተኳርፎ ሳለ፣ የአባትየውን ጥያቄ ተቀብሎ ልጁን ጠቆመ፤ የልጁን ስም በትክክል ስላላወቀው ግን አሳስቶ ጻፈው። ሃይረም ዩሊሲዝ ግራንት የነበረው ልጅ ዩሊሲዝ ኤስ. ግራንት ሆኖ ቀረ፤ በዚያው ስም ጄኔራልም ፕሬዚዳንትም ሆነ። ስሙን እንኳን በማያውቅ ሰው ፊርማ መግባት እንዲህ ነበር።

ሄንሪ ፍሊፐርን እንውሰድ። በ1856 ጆርጂያ ውስጥ ከባሪያ ወላጆች ባሪያ ሆኖ ተወለደ። በ1873፣ የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ለአካባቢው የኮንግረስ አባል ለጄምስ ፍሪማን ራሱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ዌስት ፖይንት ልግባ አለ። አባሉም ብቁ መሆንህን ካሳየህ እጠቁምሃለሁ ሲል መለሰለት። አሳየው፤ በ1877 ከዌስት ፖይንት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ባርነት ካበቃ አሥር ዓመት እንኳን ሳይሞላው ብዕር አንሥቶ የጻፈ ወጣት ነው ይህ። የእኛ ልጅ በሞቀ ቤት፣ በላፕቶፕ ፊት ተቀምጣ «ማን ያውቀናል?» ስትባል ፍሊፐር ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ድዋይት አይዘንሃወርም አለ። ካንሳስ፣ አቢሊን የምትባል ከተማ ያደገ የድሃ ቤት ልጅ ነበር፤ ሃይስኩል ጨርሶ የወንድሙን የኮሌጅ ወጪ ለመርዳት በወተት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1910 ለሴናተር ጆሴፍ ብሪስቶ ጻፈ፤ ከከተማው ታዋቂ ሰዎችም የድጋፍ ደብዳቤ አሰባሰበ። «ይኸው፣ እሱም ሰው ፈልጓል!» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የፈለጋቸው ግን እሱንና ቤተሰቡን በቅርብ የሚያውቁትን የከተማውን ሰዎች ነው፤ ምስክሮች ናቸው። ሴናተሩ ደግሞ ደብዳቤውን አይቶ ብቻ አልፈረመም፤ አመልካቾቹን ለፈተና አስቀመጣቸው። ልጁ ተፈትኖ ከፊተኞቹ ሆነ፤ በ1911 ዌስት ፖይንት ገባ።

ለጎረቤቴ ልጅ ከሁሉም የሚቀርባት ግን ዌስሊ ብራውን ነው። ያደገው እዚሁ ዋሽንግተን ነው፤ የተማረው ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ዩ ስትሪት ብዙም በማይርቀው ደንባር ሃይስኩል። የኒው ዮርኩ የኮንግረስ አባል አዳም ክሌይተን ፓወል ጠቆመው፤ ከእሱ በፊት አናፖሊስ ከገቡት ጥቁሮች አንድም ሳይመረቅ፣ እሱ በ1949 ተመረቀ። ዛሬ በአካዳሚው ቅጥር ግቢ ግዙፉ የስፖርት አዳራሽ በስሙ ይጠራል። ጥቆማው በሩን ከፈተለት፤ አራቱን ዓመት የቻለው ግን እሱ ነው።

ሚዛን ልጠብቅ፤ ተቃዋሚዬ ባዶ እጁን አልመጣም። ሕጉ ለኮንግረስ አባሉ ቁጥሩን እንጂ እንዴት እንደሚመርጥ አይነግረውም። አንዱ ቢሮ ጠንካራ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ሌላው በጥድፊያ ይጨርሳል። አድልዎ የለም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። በ2019ና በ2021 የኮነቲከት የአርበኞች የሕግ ማዕከል ያወጣቸው ጥናቶች ከኮንግረስ ጥቆማ ለሴቶችና ለጥቁር ተማሪዎች የሚደርሰው ድርሻ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ሰሜን ቨርጂኒያን በመሰለ፣ ወታደር ቤተሰብ በበዛበት አካባቢ ፉክክሩ ከባድ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄም በግልጽ በሕግ የተጻፈበት አንድ ቦታ አለ፦ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ወታደሮች ልጆች በፕሬዚዳንቱ ስም በሚሰጠው ጥቆማ በየዓመቱ እስከ 100 ወንበር ይወዳደራሉ፤ በአገልግሎት ለሞቱና ለአካል ጉዳት ለተዳረጉ ወታደሮች ልጆችም የተለየ በር አለ።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ አታመልክቺ» የሚል መደምደሚያ በየት በኩል ይመጣል? ድርሻችን አነሰ ማለት ብዙ ሆነን እንቅረብ ማለት ነው እንጂ ከሰልፉ እንውጣ ማለት አይደለም። ያላመለከተን ልጅ የትኛውም ፍትሐዊ ኮሚቴ ሊጠቁመው አይችልም፤ የትኛውም ጥናት «ተበደለ» ብሎ ሊቆጥረው አይችልም። አንዳንዱ በትውውቅ ሊያልፍ ይችላል ማለትና ያለ ትውውቅ ማንም አያልፍም ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እኛ ግን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው በአንድ እርምጃ እንሻገራለን።

ደግሞም ይህ እምነት አይሸነፍም፤ ችግሩም እሱ ነው። የአንዱ ልጅ ከገባ «ሰው ነበረው» እንላለን። ካልገባ «ሰው የለውማ!» እንላለን። ሲገባም ማስረጃ፣ ሲቀርም ማስረጃ። ምንም ቢፈጠር ትክክል የሚሆን ሐሳብ ደግሞ ምንም አያስተምርም። ልጅየዋ የወደቀችው በሩጫው ይሁን፣ በድርሰቷ ይሁን፣ ቀን አሳልፋ ይሁን አንጠይቅም። መልሱን ቀድመን ይዘነዋልና።

የጎረቤቴን ልጅ ነገር ልጨርስ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አባትየው ሰው ፍለጋ ወጣ። ግንቦትና ሰኔን አንድ ጠበቃ ሲያፈላልግ አሳለፈ። ሐምሌን በምርጫ ዘመቻ እራት ላይ ከፖለቲከኛ ጋር ፎቶ የተነሣ ሰው ሲከታተል ቆየ፤ ፎቶውን በስልኩ አሳይቶኛል። ልጅቷ በዚያ ወራት የአካዳሚውን የመጀመሪያ ቅጽ ሞልታ፣ መሮጥ ጀምራ ነበር። «ትንሽ ቆዪ፣ ሰውየው ይደውልልናል» ይላታል። እንቁጣጣሽ አለፈ፤ ደመራ ተለኮሰ። «ሰውየው» በመጨረሻ ተገኘና ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ፤ አንድ ገጽ ነው፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ ፊርማው ትልቅ። «አባቷን በመልካም ጠባዩና በማኅበረሰቡ ዘንድ ባለው ክብር ለረጅም ዓመታት አውቀዋለሁ» ይላል። ስለ ልጅቷ የተጻፈው ስሟ ብቻ ነው።

ያኔ የሁለቱም ሴናተሮች የማመልከቻ ቀን አልፏል። የተወካዩ ቢሮ ገና ክፍት ነበርና ደብዳቤው እዚያ ተላከ፤ የሒሳብ መምህሯ ሊጽፉበት በሚገባው ቦታ ላይ። ቢሮው የጠየቀው የመምህር ደብዳቤ ነበር። ፋይሉ ሳይሟላ ቀኑ አለፈ፤ ለቃለ መጠይቅ እንኳን አልተጠራችም። በታኅሣሥ ጎረቤቴን ሳገኘው «አላልኩህም?» አለኝ። «ሰው የለንም!»

ሰውማ ነበረው፤ ሰው ፍለጋው ነው ያስመለጠው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት አባቶቻችን አማላጅ ቢወዱም ቀጠሮን ያውቁ ነበር። የዚህ ደጅ በረኛው ባለሥልጣን አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ነው። ነገሩ የሚጀመረው በ12ኛ ክፍል አይደለም፤ በ11ኛ ክፍል የብርድ ወራት፣ ከተቻለም ቀደም ብሎ ነው። አካዳሚዎቹ የሚያዘጋጁት የሰመር ፕሮግራም ማመልከቻ የሚከፈተው ያኔ ነው። በጸደይ ብዙ የኮንግረስ ቢሮዎች ለተማሪና ለወላጅ የማብራሪያ ምሽት ያዘጋጃሉ፤ ማንም ይገባል። የቢሮዎቹ የመጨረሻ ቀን ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ይለያያል፤ አንዱ ቢሮ የሌላውን ቀን አይጠብቅም። ቃለ መጠይቁ በመጸው ነው፤ የስም ዝርዝሩ እስከ ጃንዋሪ 31 ወደ አካዳሚው ይሄዳል። የሕክምና ምርመራው ደግሞ ራሱን የቻለ ረጅም ጉዞ ነው፤ የአስም ታሪክ ወይም የዓይን ችግር ያለው ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወራት ሊመላለስ ይችላል። ለአማላጅ የባከነች እያንዳንዷ ሳምንት የምትነሣው ከዚህ ነው።

አንድ ሌላ ልማዳችንም እዚህ ይጎዳናል፤ ለልጅ መናገር። አባት ይደውላል፣ እናት ኢሜይል ትጽፋለች፣ አጎት «እኔ ላናግራቸው» ይላል። እኛ ዘንድ ይህ ፍቅር ነው። ቢሮዎቹ ግን ከአመልካቹ ከራሱ መስማት ይፈልጋሉ፤ ነገሩ ገብቶኝ ነው የምፈርድላቸው። ሰላሳ መርከበኛ ልትመራ የምትፈልግ ልጅ ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ ስልክ መደወል ካልቻለች ምን ልትመራ ነው? በእኛ ልጆች የማየው ጨዋነት፣ ታላቅ ባለበት አለመናገር፣ ዓይን አለማየት፣ ራስን አለማሞገስ፣ በቃለ መጠይቁ ክፍል ውስጥ እንደ ፍርሃት ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ሰው ካስፈለገ ይኸውላችሁ ሥራ፦ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ያሉ፣ በዚህ አገር ጦር ያገለገሉ የእኛው ልጆች ተፈልገው ለታናናሾቻቸው የልምምድ ቃለ መጠይቅ ያድርጉላቸው። ይህ ምልጃ አይደለም፤ ማስተማር ነው።

ይህ ጽሑፍ የውትድርና ቅስቀሳ እንዳልሆነም ልናገር። አካዳሚው ትምህርቱን፣ መኝታውንና ምግቡን በነፃ ይሰጣል፣ ወርኃዊ ክፍያም አለው፤ ግን ነፃ አይደለም። የሚከፈለው በዕድሜ ነው፤ ለዌስት ፖይንትና ለአናፖሊስ ተመራቂ ቢያንስ አምስት ዓመት በጦሩ ውስጥ፣ ከዚያም በተጠባባቂነት፤ ጦርነት ከመጣ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ አባት «ልጄን ለጦር አልሰጥም» ቢል አልከራከረውም። ያ ክብር ያለው ተቃውሞ ነው። አሜሪካዊ ዜግነት የሌለው ልጅም ይህ በር አይከፈትለትም፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው እሱን ይናገር፤ ፍርሃቱን «ሰው የለንም» በሚል ሽፋን ለልጁ አያውርሰው። ልጅ ከአባቱ «አልፈልግም» የሚል ቃል ሲሰማ መከራከር ይችላል። «ለእንደ እኛ ያለ ሰው አይደለም» ሲባል ግን ከማን ጋር ይከራከራል?

ልጅቷ አልተወችውም። በዚሁ በሜሪላንድ ኮሌጅ ገብታ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለከተች፤ ይህ የተለመደ መንገድ ነው፣ ኮሌጅ አንድ ዓመት ተምረው የሚገቡ ጥቂት አይደሉም። በዚህኛው ዙር በሰመር መጀመሪያ ላይ ለሦስቱም ቢሮዎች ራሷ ደወለች። የሒሳብ መምህሯ ጻፉ፤ የኮሌጅ ፕሮፌሰሯ ጻፈ፤ የምትሠራበት ፋርማሲ ኃላፊ ጻፈች። ትልቅ ፊርማ ያለው ደብዳቤ አልነበረም።

ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ያደረሳት አባቷ ነው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ወላጅ ወደ ውስጥ አይገባምና ታክሲው ውስጥ ሆነን ጠበቅናት፤ ቡናችን በቴርሞስ፣ ሬዲዮው ተዘግቶ። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታ ወጣች። በሩን ከፍታ ከኋላ ስትቀመጥ አባቷ ወደ ኋላ እንኳን አልዞረም፤ በመስታወቱ ነው ያያት።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ለምን እንደምፈልግ። ተሸንፌ ስለማውቅበት ጊዜ። ባለፈው ዓመት ምን እንደተሳሳትኩ።»

«ስለ እኛስ?»

«ስለ እናንተ ምንም።»

ሞተሩን አስነሥቶ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና፣ በቀስታ፣ «የማን ልጅ ነሽ አላሉሽም?» አላት።

«አላሉኝም፣ አባዬ» አለች፤ ቀበቶዋን አሰረች።